ወርቄ በእሸት ወራት

መካነ ሰላም ውስጥ ኑርጃንን የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው፣ ወይ ገና ያልተወለደ ነው። ጡረታ ባትወጣ ኖሮ ያልተወለደውም ቢሆን ከእጇ አያመልጥም ነበር። ከወጣትነቷ ፀጉሯ እስኪሸብት በአዋላጅነት ስትሠራ የከተማውን ግማሽ የተቀበለችው እሷ ናት። ዛሬ ከረባት አስሮ ቢሮ የሚገባው፣ በባጃጅ የሚከንፈው፣ ገበያ ላይ በሽንኩርት የሚከራከራት ሁሉ፣ መንገድ ላይ ሲያገኛት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

"ምን ያኮራቸዋል፤ ሁሉንም ሲያለቅሱ ነው የማውቃቸው" ትላለች እየሳቀች።

እውቀቷ ከጭንቅላቷ ይልቅ እጇ ላይ ነበር። ሰፊ፣ ሙቅ እጅ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ጀርባ ላይ ሲያርፍ ጩኸቱ ወደ ማቃሰት፣ ማቃሰቱ ወደ ረጅም ትንፋሽ ሲለወጥ ስንት ጊዜ አይታለች። እንዲህ ያለች ሴት እጅ የማይፈታው ነገር አለ ቢሏት አታምንም። ችግሩ፣ ሰው ከሥራው ሲሰናበት እጁ አብሮት አይሰናበትም። ልጆቿ አድገው ሁሉም ከቤት ወጥተዋል። ባለቤቷ ሸህ መሐሙድ ከአባታቸው በወረሱት ጓሮ ባለ ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ያቀራሉ፤ የእሳቸው ሥራ ጡረታ የለውም። የኑርጃን እጅ ግን ቤት ውስጥ እየዞረ የተስተካከለውን ትራስ ደግሞ ያስተካክል ነበር።

ይህን ያየው የበኩር ልጇ ጠልሐ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንድ ጊዜ ከጅማ ሲመለስ፣ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች የገዛውን ላባው ገና ያልሞላ የበቀቀን ጫጩት በካርቶን ይዞላት መጣ። ዐይኑ ብቻ የሚታይ፣ አንገቱ የሚንቀጠቀጥ ፍጥረት ነበር። ኑርጃን አየችውና "ይሄማ ያለ ቀኑ የተወለደ ነው" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። በሻይ ማንኪያ አሳደገችው። ሲያድግ ገላው እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ፣ ራሱ ደግሞ ቢጫ ሆነ፤ ወርቄ አለችው።

ወርቄ የቤቱን ወግ ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም። ሰው በር ላይ ቆሞ "አሰላሙ ዐለይኩም" ሲል፣ በሸህ መሐሙድ ድምፅ፣ የጉሮሯቸውን ጉርምርምታ እንኳ ሳያጎድል፣ "ወዐለይኩሙ ሰላም፤ ግባ በል!" ይላል። ስንቱ ሰው ሸህ አሉ ብሎ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ባዶ ቤት ውስጥ ከወፍ ጋር ተፋጧል። የመሪጌታ ሚስት የሆነችው ሰገነት፣ ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት፣ በገባች ቁጥር፣

"ኑርዬ፣ ይሄ ወፍሽ አንድ ቀን ሳያሰልመኝ አይቀርም" ትላለች።

"አብሽሪ፤ አንቺ ደግሞ ውዳሴ ማርያም እንዳታስጠኚብኝ እንጂ!"

እንዲህ እየተባለ በሰላም ተኖረ። ከዚያ አንድ ዓመት ክረምቱ ወጣ፣ ሰማዩ ታጠበ፣ ገበያው በበቆሎ እሸት ተሞላ፤ ወርቄም ሌላ ወፍ ሆነ።

መጀመሪያ ሰላምታውን ተወ። በምትኩ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ብረት በብረት ላይ እንደሚፋቅ ያለ ጩኸት አመጣ። ከቁም ሣጥኑ ሥር ካለው ጨለማ ገብቶ፣ የሸህ መሐሙድን የኮት ገበር ዘልዝሎ ጎተተና አነጠፈው። ሰው ሲቀርበው አንገቱን አስግጎ፣ የጅራቱን ላባ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይመጣል። ከኑርጃን በቀር ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። በተለይ ሸህ መሐሙድን ጠላ። አንድ ቀን ለሶላት ምንጣፋቸውን ሊዘረጉ ጎንበስ ሲሉ ከኋላ በርሮ መጥቶ ጆሯቸውን ነከሳቸው።

"ያ ረቢ! ምን አደረግሁት?" አሉ ጆሯቸውን ይዘው።

ኑርጃን ጉዳዩን እንደ ሙያዋ መረመረችው። ጨለማ ይፈልጋል። ክንፉ ይንቀጠቀጣል። ጥጉን ይጠብቃል፣ ሰው አያስቀርብም፣ የበላውንም መልሶ ያወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለች።

"አራስ ነው የሚመስለው" አለች።

"ወንድ አይደል እንዴ?" አለች ሰገነት።

"ወንድ ይሁን ሴት ማን አየለት? ጠባዩ የአራስ ነው።"

"እንግዲያው ገንፎ ልገንፋ፣ ማርያም ማርያም እንበልለት" አለች ሰገነት እንደ ቀልድ። ኑርጃን ግን አልቀለደችም። አራስ እንዴት እንደሚያዝ እሷ የማታውቀው ምን አለ? ከቁም ሣጥኑ ሥር አውጥታ፣ አሮጌ አገልግል በጨርቅ ጎዝጉዛ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋ ጨለማ ጎጆ ሰጠችው። ሸህ መሐሙድ ቂም የማይዙ ሰው ናቸውና እንደ አራስ ደንብ ከራስጌው የብረት ቁልፍ አኖሩለት፤ ሩቅ ቆመውም ቁርኣን ቀርተው እፍ አሉበት። እሷ ለብ ያለ አጥሚት በጣቷ ታቀምሰው ጀመር። እሸቱን ቀቅላ በእጇ ፈለፈለችለት። ከሁሉ በላይ ያንን እጇን ሰጠችው፤ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ሥር፣ ከክንፉም በታች፣ ቀስ አድርጋ ታሸዋለች። ወርቄ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ድመት እያጉረመረመ ይታሻል። "አየሽ፣ እየተሻለው ነው" ትላለች ለሰገነት። እጇን ባነሳች ቅጽበት ግን ቤቱ በጩኸት ይናጋል።

ሰው ለሚወደው የሚያደርገውን ሁሉ አደረገች። ነገሩ በየቀኑ ባሰበት። ደግነት ሲከሽፍ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያነሰ መሆኑን። ኑርጃንም ጨመረች።

ከዚያ የአፍናን ጉዳይ መጣ። አፍናን ሸህ መሐሙድ ከሚያቀሯቸው ልጆች፣ ከደረሶቻቸው፣ ትንሿ ናት፤ የቁርኣኑን መጨረሻ ክፍል፣ ጁዝእ ዐማን ልትጨርስ ትንሽ የቀራት፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ። ውኃ ልትጠጣ ወደ ቤት ገብታ በአገልግሉ አጠገብ ስታልፍ ወርቄ ወጥቶ ጣቷን ነከሳት። ደም ጠብ አለ። ኑርጃን አጥባ አሰረችላት። የልጅቱ እናት ጨዋ ናት፤ "ምንም አይደል፣ ልጅ አይደለች፣ ነካክታው ይሆናል" አለች። በማግስቱ ግን ልጅቷ አልመጣችም። ከዚያ ሌሎች ሁለትም ቀሩ።

ሸህ መሐሙድ ከዐስር ሶላት በኋላ ኑርጃን አጠገብ ተቀመጡ።

"ኑርጃን፣ እኔን ይንከሰኝ፤ አፉ ብያለሁ። የሰው ልጅ ግን አማና ነው፣ አደራ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ጠልሐ እህል ሊጭን ሲመጣ ይዞት ይመለስ። ካመጣበት ጫካ ይልቀቀው።"

"በማንኪያ ያደገ ወፍ ጫካ ምን ያውቃል? በማግስቱ የጭልፊት ቁርስ ነው።"

ሸህ መሐሙድ መቁጠሪያቸውን አሽከረከሩ። ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ ይህ ነው ነገሩን የከበደው። በጨካኝ ሰው ላይ ማልቀስ ይቻላል።

"ጠልሐ እስኪመጣ አላህ ያግራው እንግዲህ" ብለው ተነሡ።

የከብት ሐኪሙን ዋለን ኑርጃን ያገኘችው ሰገነት ግቢ ውስጥ ነው። የሰገነትን ዶሮዎች ሊከትብ መጥቶ ሞተሩን እያስነሣ ነበር።

"ዋለ! ና እስቲ ግባ።"

"እትዬ ኑርጃን፣ ዛሬስ ቸኩያለሁ፤ ከላላ ከተማ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ..."

"ስትወለድ ቸኩለህ ነበር? እናትህንና እኔን ስንት ሰዓት ነው ያስጠበቅኸን! ግባ።"

"ይቺን ነገር እስከ መቃብሬ ሊያወሩብኝ ነው" እያለ ሞተሩን አጠፋ።

ቤት ገብቶ ወፉን ሲያይ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። "እኔ የተማርኩት ላም፣ በግ፣ በቅሎ፣ ዶሮ ነው። በቀቀን ፈተና ላይ አልመጣልኝም።" ኑርጃን ግን ወርቄን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ወፉ ራሱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገና ያላመጠውን በቆሎ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገላት።

"ይኸው! ሲያስታውክ አየኸው?"

ዋለ ጎንበስ ብሎ አየ። "ሁልጊዜ እንዲህ መዳፍዎ ላይ ነው የሚያስቀምጠው? ሌላ ቦታ አያስታውክም?"

"ኧረ ወላሂ፣ እኔው ላይ ብቻ።"

የዋለ ፊት ቀስ ብሎ በፈገግታ ተከፈተ። አጎዛቸው ላይ የተቀመጡትን ሸህ መሐሙድን በጎን አያቸው። "እትዬ፣ ይሄ ህመም አይደለም፤ ጉርሻ ነው። ሚስቱን እያጎረሰ ነው።"

"ማንን?" አሉ ሸህ መሐሙድ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ሸህ፣ ወፉ እትዬ ኑርጃንን አግብቷል። እርስዎን የሚነክስዎት ለዚያ ነው፤ ባላንጣው ነዎት።"

በሩ ላይ የቆመችው ሰገነት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ሸህ መሐሙድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ለሴት ሁለት ባል የሚፈቅድ ኪታብ እስከ ዛሬ አላየሁም" አሉ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ኑርጃን ሳይቀር፣ ዐይኗ እንባ እስኪያቀር።

ዋለ ቢሾፍቱ አብሮት ለተማረ፣ የቤት ወፎችን ለሚያክም ጓደኛው ደወለና ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረገው። የዚያኛው መልስ ከሞላ ጎደል ዋለ የገመተው ነበር። ወቅቱ ነው አለ፤ በየዓመቱ ይመጣል፣ ያልፋልም፤ በደሙ ውስጥ ሆርሞን ይነሣና ጎጆ ሥራ፣ ተባዛ ይለዋል። ሰው ግን ሳያውቅ ያባብሰዋል። ጨለማ ቦታ አለው? ለብ ያለ ለስላሳ ምግብ ትሰጡታላችሁ? ማታ ማታ አምፖል እስከ ስንት ሰዓት ይበራል? ጀርባውን፣ ክንፉ ሥር የሚያሸው ሰው አለ?

ኑርጃን አገልግሉን አየች፣ የአጥሚቱን ኩባያ አየች፣ ከዚያ እጇን። ያልሠራችው አልነበረም።

"ሰገነት ዶሮዎቿ እንቁላል እንዲጥሉላት ማታ መብራት ታበራላቸው የለ?" አለ ዋለ ስልኩን ከዘጋ በኋላ። "እናንተም ያንኑ ነው የምታደርጉት። ጎጆውን አንሡበት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሸፍናችሁ አስተኙት። እሸቱንና አጥሚቱን ተዉ። ጭራሮና የበቆሎ ቆረቆንዳ ስጡት፤ ሲቆረጥም ይዋል። ሲጮህ አትመልሱለት፤ ሲነክስም አትምቱት፣ እሱ ምን ያድርግ? እርስዎ ደግሞ እትዬ፣ ራሱን ብቻ ይንኩት። ከአንገት በታች አይሆንም።" በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "ደግሞ ጠልሐን ሁለተኛ ከመንገድ ወፍ እንዳይገዛ ይንገሩልኝ። ይሄኛው አንዴ ሆነ፤ የጫካ ፍጥረት ጫካው ነው ቤቱ።"

ቀላል ይመስላል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰጥ ለኖረች ሴት ግን፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ አለመስጠት ከየትኛውም ምጥ የከበደ ነበር። ወርቄ አገልግሉ ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥኑን፣ የአልጋውን ሥር፣ የሸህን ጫማ ሳይቀር እየዞረ ፈለገ። የሚያድርበትን የሽቦ ቤት ከጥጉ አንሥተው መስኮቱ አጠገብ ሲያኖሩለት እንደ ተከዳ ሰው ጮኸ። ትከሻዋ ላይ መጥቶ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ፣ ክንፉን እያርገፈገፈ ይለምናታል። እሷ ራሱን በአንድ ጣቷ አከክ ታደርግና እጆቿን ጭኗ ላይ ታኖራለች። እጆቿ እዚያ እንደ ሁለት የተቀጡ ልጆች ይቀመጣሉ።

"ያለቅስብኛል እኮ" አለቻት ለሰገነት።

"ልጅ ጡት ሲጥል አያለቅስም? አንቺው አይደለሽ ስንቱን እናት 'ቻዪው' ስትዪ የነበርሽው!"

እውነት ነበር። ለሌላው ሰው መጨከን እንዴት ይቀል እንደነበር ኑርጃን ገና ያን ቀን ታያት።

ጥቂት ቀን ቻለችው። ከዚያ ከአቀስታ በኩል ያ አጥንት የሚሰብር ነፋስ የመጣበት አንድ ከሰዓት፣ ወርቄ መስኮቱ አጠገብ ላባውን ነፍቶ ኩርምት ብሎ ብታየው አንጀቷ አልቻለም። "ለዛሬ ብቻ" ብላ አገልግሉን አወጣች፤ ጨርቅ ጎዘጎዘች፤ ሰውም ስላልነበረ ጀርባውን ዳበሰችው። በማግስቱ ጠዋት ወርቄ በርሮ የሸህ መሐሙድ ጥምጣም ላይ አረፈና ጠልፎ ፈታው።

ሸህ መሐሙድ ጥምጣማቸውን መልሰው ጠመጠሙ፤ አገልግሉን ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ሰገነት ቤት ሄዱ። ኑርጃን በግድግዳው በኩል ሰማቻቸው።

"ሰገነት፣ ይችን አገልግል ለጊዜው አስቀምጪልኝ። እኛ ቤት ነገር እየፈለገች ነው።"

"ውይ ሸህ መሐሙድ! አገልግል ትዳር ስትበጠብጥ ገና ዛሬ አየሁ!"

ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመግሪብ ሶላት እንደ ተነሡ፣ ሸህ መሐሙድ ሌላ ነገር አደረጉ። ሳሎኑ ከቤቱ የሚሞቀው ክፍል ነው። ከዒሻ በኋላ አምፖሉ ሥር ተቀምጠው ኪታብ ማየት ከወጣትነታቸው ጀምሮ የማይተዉት ልማዳቸው ነው። የሽቦ ቤቱም የሚያድረው እዚያው ነው። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሽቦ ቤቱ ላይ ጣል አደረጉ። አምፖሉን አጠፉ። ኪታባቸውን ይዘው ልጆቹን ወደሚያቀሩበት ጓሮ ክፍል ሊሄዱ ተነሡ።

"እዚያ ይበርድዎታል እኮ፤ ጋቢውንም ለሱ ሰጡት" አለች ኑርጃን በጨለማው ውስጥ።

"በደረስነቴ ስንት ክረምት በባዶ አጎዛ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ይተኛ።"

"ጠልሐ መጥቶ እስኪወስደው ነው?"

"እኔ ተኛ አልኩ እንጂ መች ስለ ጠልሐ አወራሁ?" ብለው ወጡ። ኑርጃን የጓሮው መብራት ሲበራ በመስኮቱ አየች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም ወዲያ። ከዚያ ምሽት በኋላ አገልግሉን ፈልጋ ወደ ሰገነት ቤት አልሄደችም።

የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም። ጩኸቱ መጀመሪያ ከጎህ ወደ ረፋድ ተገፋ። ከዚያ የበቆሎ ቆረቆንዳ መዘልዘል ከሰው ኮት የበለጠ ጣመው። ሸህ መሐሙድ ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን ሲገፉለት አንዲት የሱፍ ፍሬ በሽቦው መሃል ይሰዱለታል፤ መጀመሪያ ወርውረው፣ ኋላ በጣታቸው ጫፍ፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ ጆሯቸውን በእጃቸው ሸፍነው። ወርቄ አንድ ቀን ፍሬዋን ወሰደና ጣታቸውን ተወው። ኑርጃን ከጓዳ አየች።

ጠልሐ የመጣው በማለዳ ነው። የመኪናው ጥሩንባ ከታች ሲሰማ ኑርጃን ሄዳ የሽቦ ቤቱ አጠገብ ቆመች። ወርቄ እስከዚያች ቀን ድረስ ሰላምታውን አልመለሰም ነበር፤ አሁንም ጋቢው ሥር ነው። ጠልሐ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይዞ ገባ።

"አሰላሙ ዐለይኩም! እሺ፣ ወንጀለኛው የት አለ?"

ከጋቢው ሥር ምንም አልተሰማም። ጠልሐ ወደ ሽቦው ቤት እጁን ሲዘረጋ ሸህ መሐሙድ በበትራቸው ጫፍ ክንዱን ነካ አደረጉት።

"ቆይ! እንቅልፉን አልጨረሰም።"

"አባ፣ እርስዎ አይደሉ በስልክ 'መጥተህ ውሰደው' ያሉኝ?"

"ያልኩት ስለ ተናካሹ ነው።"

"ተናካሹ ታዲያ የት ሄደ?"

"እሸቱ አለቀ፣ እሱም አብሮ ሄደ።" ካርቶኑን ከእጁ ተቀበሉት። "ይሄ ለእናትህ ሽንኩርት ማስቀመጫ ይሆናል።"

ኑርጃን ባሏን አየች፤ እሳቸው ደግሞ ካርቶኑን እንደ ትልቅ ነገር ያገላብጡ ነበር። ጠልሐ ሻይ ጠጥቶ እህሉን ሊጭን ሄደ። ወርቄ ሰላምታውን የመለሰው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ለጠልሐም አይደለም፣ ለሰገነትም አይደለም፣ አንዲት ዶሮ በሩን አልፋ ስትገባ ነው። "ግባ በል!" አላት በሸህ መሐሙድ ድምፅ። ዶሮዋ ደንግጣ ወጣች። ኑርጃን ሳቋ እስኪያልቅ ግድግዳ ተደገፈች።

አፍናንም ተመለሰች። እናቷ ይዛት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ወፉን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ የልጅቷን እጅ ለቀቀች።

አሁን ነገሩ የቤቱ ልማድ ሆኗል። ጳጉሜን ሲብት ሸህ መሐሙድ ማንም ሳያስታውሳቸው የኪታብ ንባባቸውን ወደ ጓሮ ያዛውራሉ፤ አገልግሉም ወደ ሰገነት ቤት ይሄዳል። ወርቄ በየዓመቱ ትንሽ ይከፋል፤ ትንሽ ይጮኻል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይታረቃል። ወንድ ይሁን ሴት ዛሬም አልታወቀም። እንግዳ መጥቶ "ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል!" ብሎ ጀርባውን ሊዳብስ ሲዘረጋ፣ ከአጎዛቸው ላይ ሳይነሡ የሚጮኹት ሸህ መሐሙድ ናቸው።

"ራሱን ብቻ! ከአንገት በታች የኔን ትዳር ነው የምትነካው!"

ኑርጃን ያን ጊዜ ዐይኗን ታሻለች፣ በሳቅ ነው። ከሰዓት በኋላ የልጆቹ የቁርኣን ድምፅ ከጓሮ ሲመጣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ወርቄ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ጭራሮ ይቆረጥማል። እጆቿ ጭኗ ላይ ተኝተዋል። ትንሽ ይቆዩና አንዱ ተነሥቶ ቢጫውን ራስ አከክ ያደርጋል፤ ከዚያ ማንም ሳያዘው ይመለሳል።